በጉለሌ ቤቶች ራውተር ሲገዛ፦ አንቴና መቁጠር ላግን አያጠፋም

በአዲስ አበባ የስልክ መስመሩ ከመዳብ ወደ ፋይበር እየተለወጠ በሄደ ቁጥር አንድ የገበያ ጥያቄ አብሮ ተበራክቷል። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ፣ አዲሱ ገበያ በግቢው ውስጥ ክፍሎች የሚያከራይ ባለ ቤት፣ ቀጨኔ ፕሌይስቴሽን ቤት የከፈተ ወጣት መርካቶ ሲወርዱ ለኤሌክትሮኒክስ ሻጩ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ዋይ ፋዩ ይቆራረጣል፣ ጌሙ ይዘገያል፣ የትኛው ራውተር ይሻላል?» የሚል። ሻጩም መልስ አያጣም። ስድስት ወይም ስምንት አንቴና ያቆመውን፣ ቀይ መብራት የሚያበራውንና በካርቶኑ ላይ «ጌሚንግ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ከመደርደሪያ ያወርዳል።

ገዥው ከፍሎ ይወስዳል፤ እቤት ገብቶ ይሰካል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን ጨዋታው እንደ ትናንቱ ይቆራረጣል። ዕቃው የተበላሸ አይደለም፤ ሻጩም አታልሏል ለማለት ያስቸግራል። የተገዛው መድኃኒት ሌላ፣ የታማሚው በሽታ ሌላ ሆኖ ነው።

ስሕተቱ ቀላል የነበረበት ጊዜ አልፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በውጭ አገር 60 ዶላር የሚያወጣ ራውተር ከለውጡ በፊት በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ 3,420 ብር ግድም ነበር፤ በ100 ብር ሲሰላ 6,000 ብር ይደርሳል። ይህም ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ነው። «ጌሚንግ» የሚባሉት ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ዋጋ የሚጠየቅባቸው ናቸው። ስለዚህ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ችግሩ የት ላይ እንዳለ መለየት ያዋጣል።

ለመሆኑ ላግ ምንድን ነው?

ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ትእዛዙ ጨዋታውን ወደሚያስተናግደው ኮምፒዩተር፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ መልሱም ይመለሳል። ይህ ደርሶ መልስ የሚወስደው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይለካል። አንድ ሚሊ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ልኬቱን ተጫዋቾች «ፒንግ» ይሉታል። ከ50 በታች ሲሆን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከ150 ሲያልፍ ግን ኳሷ መረብ ላይ ካረፈች በኋላ ግብ ጠባቂው ሲወረወር ይታያል። ከሁሉም የሚከፋው የሚዋዥቀው ነው። ሁልጊዜ 120 የሆነ ፒንግ ይለመዳል፤ አንዴ 60 አንዴ 400 የሚሆን ግን አይለመድም። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ካለ ደንበኛው ጋር በቪዲዮ እየተነጋገረ ጥለት የሚያስመርጥ ነጋዴ «ሃሎ፣ ይሰማል?» እያለ የሚቸገረውም በዚሁ መዋዠቅ ምክንያት ነው። የልጁ ላግና የአባቱ የቪዲዮ ጥሪ አንድ በሽታ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ኢንተርኔት የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው። ጨዋታው ራሱ ግን ብዙ ሜጋ ቢት አይፈልግም። አብዛኞቹ የኦንላይን ጨዋታዎች በሰከንድ ከአንድ ሜጋ ቢት በታች ነው የሚያመላልሱት። ብዙ ሜጋ ቢት የሚፈልገው ጨዋታውን ማውረድና ማደስ ነው፤ አንድ እድሳት በአሥር ጊጋ ባይቶች ሊቆጠር ይችላል። ሜጋ ቢት የመንገዱ ስፋት እንጂ ርዝመቱ አይደለም። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ስድስት መስመር አለው፤ አሥር መስመር ቢደረግ አዳማ አትቀርብም።

መንገዱ ደግሞ ረዥም ነው። ታዋቂዎቹ ጨዋታዎች ለዚህ አካባቢ የሚጠቀሙባቸው ሰርቨሮች በአብዛኛው በአውሮፓ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር ቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 53 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ኬብል ግን እንደ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በየብስ ወደ ጎረቤት አገር፣ በተለይም ወደ ጂቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ሥር ዞሮ ነው አውሮፓ የሚደርሰው። ጆሃንስበርግ በርቀት የቀረበ ቢሆንም የአፍሪካ ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ አውሮፓ ደርሶ ስለሚመለስ ቅርበቱ ሁልጊዜ አይጠቅምም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. እና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ ኬብሎች ተቆርጠው የብዙ አገሮች ኢንተርኔት መዘግየቱም ይታወሳል። ይህን ሁሉ የሚያሳጥር ራውተር በመርካቶም ሆነ በዱባይ ገበያ የለም። ራውተር ሥልጣኑ ከግቢው በር አያልፍም።

ከመግዛት በፊት የ10 ደቂቃ ምርመራ

ምርመራው ወጪ የለውም። በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ላይ በነፃ የሚጫን የፒንግ መለኪያ በቂ ነው። ጨዋታው በሚካሄድበት ቦታ ተቁሞ መጀመሪያ ወደ ራውተሩ ወደ ራሱ ይለካል። አድራሻው ከዕቃው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ቀጥሎ ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8 ይለካል። ልኬቱ አንዴ ጠዋት ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ሳለ፣ አንዴ ደግሞ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢወሰድ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወደ ራውተሩ የሚደረገው ፒንግ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሰከንድ ላይ ረግቶ ከቆመ ዋይ ፋዩ ደኅና ነው። አዲስ ራውተር ቢገዛም ለውጥ አይጠበቅም። እየዘለለ 80፣ 150 የሚል ከሆነ ግን ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ ፍሬ ያፈራል። ወደ ራውተሩ ረግቶ ሳለ ወደ ውጭ ያለው ፒንግ በቤቱ ውስጥ ሰው ቪዲዮ ሲልክ ወይም ሲያወርድ ብቻ የሚያሻቅብ ከሆነ ወረፋ ነው። ይህም መድኃኒት አለው። ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ አንድም ስልክ ሳይገናኝ፣ ሌሊት ሳይቀር ከፍ ያለ ከሆነ መንገዱ ነው። በዚህ ጊዜ የሚለወጠው ራውተሩ ሳይሆን መስመሩ ወይም በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ የሚመረጠው የሰርቨር አካባቢ ነው።

ይህን ሳይለኩ መግዛት ጫማን እግር ሳይለኩ እንደ መግዛት ነው። ይሁንና በዚህ ገበያ የሚካሄደው ግብይት አብዛኛው እንዲያ ነው።

ቆርቆሮ፣ ጭቃና ሰርቪስ ቤት

የጉለሌ ቤት በካርቶኑ ላይ እንደተሳለው ሰፊ ሳሎን አይደለም። የድሮዎቹ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም ጭቃ ወይም ድንጋይ ነው። አዳዲሶቹ ብሎኬትና ኮንክሪት ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴ በክፍልና በክፍል መካከል ያለውም ቆርቆሮ ነው። ጭቃና ድንጋይ ሞገዱን ይመጣሉ፤ ቆርቆሮ ደግሞ እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። ዋናው ቤት ከፊት፣ የተከራዮች ሰርቪስ ቤት ከኋላ፣ በመካከል ግቢ ባለበት ቦታ ራውተሩ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቆ ከተቀመጠ ሰርቪስ ቤት የሚደርሰው ርዝራዥ ነው።

ዋይ ፋይ በተለምዶ በሁለት ሞገድ ይሠራል። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ግድግዳ የማለፍ አቅሙ የተሻለ ነው፤ ሆኖም የሠፈሩ ሁሉ መጨናነቂያ ነው። እርስ በርስ ሳይረባበሹ የሚሠሩበት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ ቤት ከቤት በተያያዘበት ሠፈር ሃያና ሠላሳ የጎረቤት ራውተር ይሻማባቸዋል። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣንና ሰፊ ነው፤ ግድግዳ ሲገጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። ለጌም 5 ጊጋ ኸርዝ ይመረጣል የሚለው ምክር ትክክል የሚሆነው ተጫዋቹና ራውተሩ አንድ ክፍል ውስጥ ወይም አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው ሲቀመጡ ነው።

በዚህ ላይ ለፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች ልዩ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ነው። 5 ጊጋ ኸርዝ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጡት ቀጭኑ ሞዴልና ፕሮ ከሚባለው ጋር ነው። ያገለገለ የመጀመሪያ ሞዴል ገዝቶ ለሱ ሲል ባለ ሁለት ሞገድ ውድ ራውተር የገዛ ሰው ለማይጠቀምበት ነገር ከፍሏል። የሁሉም ሞዴሎች ጀርባ ላይ ግን የኬብል መሰኪያ አለ። በሜትር የሚሸጥ ገመድ ጫፍና ጫፉ ላይ ሶኬት ተበጅቶለት ቢሰካ ከማንኛውም ስምንት አንቴና ይበልጣል። ገመድ ጎረቤት አያውቅም፤ ግድግዳም አያግደውም፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ የሚጨምረው መዘግየት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ነው።

የአንቴናውን ብዛት በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ዋይ ፋይ ንግግር እንጂ ስብከት አይደለም። ራውተሩ በስምንት አንቴና ጮኾ ቢናገር ስልኩ የሚመልሰው በሹክሹክታ ነው። ስልኩ ላይ ሙሉ ምልክት እየታየ ኢንተርኔቱ የሚሞተውም አንዳንዴ ለዚህ ነው። ትልልቅ አንቴናዎች ደግሞ ሞገዱን ወደ ጎን አጥብበው ስለሚዘረጉ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ላይ ላለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከትንንሾቹ ያነሰ ይሰጣሉ። በቅድሚያ መሞከር ያለበት ነፃ የሆነው መፍትሔ ነው፤ ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባና ከብረት ቁም ሣጥን አውጥቶ ከፍ ባለ ቦታ፣ ከተቻለ በቤቱ መካከል መስቀል።

ለሰርቪስ ቤት ብዙዎች የሚገዙት «ሪፒተር» ወይም የምልክት ማራዘሚያ ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ሞገድ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ መዘግየትም ይጨምራል። ኪራይ የሚቀበል ባለ ቤት በግቢው አንድ ገመድ ቀብሮ ከሰርቪስ ቤቱ ጋር በአክሰስ ፖይንት ቢያገናኝ ለዘለቄታው ይበጀዋል። አሮጌ ራውተር ካለ ያንኑ ወደ አክሰስ ፖይንት መለወጥ ይቻላል። ሳይለወጥ ሁለት ራውተር ተከታትሎ ከተሰካ ግን ጨዋታው «ናት ታይፕ 3» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ከጓደኛ ጋር መገናኘትም ያስቸግራል። አዲስ ቤት ለሚሠራ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቱቦ ሲቀበር ለየክፍሉ አንድ ባዶ ቱቦ ለብቻ ማስቀበር ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ከቁጥር የማይገባ ነው። ከተለሰነ በኋላ ግድግዳ ማስቆፈር ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሠራ ያውቀዋል።

ገመድ ሲገዛ ዓይን ያስፈልጋል። በርካሽ ከሚሸጡት መካከል ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ አለ። ሽቦውን በምላጭ ሲፍቁት ከሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ይሰበራል፣ ይዝጋል፣ ረዥም ሲሆን ምልክት ይጥላል።

ወረፋው

በብዙ ቤት ላግን የሚያመጣው የዋይ ፋይ ድካም ሳይሆን ከበሩ ላይ የሚፈጠር ወረፋ ነው። ለምሳሌ የቤቱ መስመር ወደ ውጭ የሚልከው በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ነው እንበል። እናት በሠርግ ላይ የተቀረጸ 50 ሜጋ ባይት ቪዲዮ በቴሌግራም ለአሜሪካ ዘመድ ትልካለች። 50 ሜጋ ባይት 400 ሜጋ ቢት ስለሆነ መስመሩ ለ80 ሰከንድ ይያዛል። በዚያ ጊዜ ራውተሩ ወይም ሞደሙ የመጣውን ሁሉ በማከማቻው ውስጥ ይደረድራል። ማከማቻው አንድ ሜጋ ባይት ቢይዝ እንኳ እሱን ለመጨረስ 1.6 ሰከንድ ያስፈልጋል። የልጁ ጨዋታ ትእዛዝ መጠኑ ኢምንት ቢሆንም ከሰልፉ ጀርባ ነው የሚቆመው። ፒንጉ ከ90 ወደ 1,700 ይዘላል። ልጁ እናቱን፣ እናት ኢትዮ ቴሌኮምን፣ አባት ራውተሩን ይወቅሳሉ።

ይህ ችግር በዓለም ከታወቀ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መድኃኒትም ተገኝቶለታል። ትንንሾቹን መልእክቶች ከትልልቆቹ ለይቶ በየተራ የሚያሳልፍ፣ ማከማቻውም እንዳይሞላ የሚጠብቅ የወረፋ አስተዳደር አለ። በራውተሮች ማስተካከያ ውስጥ «ኤስኪውኤም»፣ «ኤፍኪው ኮደል» ወይም «ኬክ» በሚል ስም ይገኛል። ሲከፈት የመስመሩን ፍጥነት ይጠይቃል። ከተለካው ፍጥነት 10 በመቶ ያህል ቀንሶ መሙላት ያስፈልጋል፤ ለ20 ሜጋ ቢት መስመር 18 ማለት ነው። ወረፋው በቴሌኮሙ ዕቃ ላይ ከመፈጠሩ በፊት በገዥው ዕቃ ላይ እንዲያዝ ነው ይህ የሚደረገው። በዚህ ብቻ 1,700 የነበረው ወደ 100 ገደማ ሊወርድ ይችላል። ሁለት ሜጋ ቢት ማጣትን የሚጠላ ሰው ይኖራል፤ ልውውጡ ግን የሚያስቆጭ አይደለም።

«ኪውኦኤስ» ተብሎ በርካሾቹ ላይ የሚገኘው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ብዙዎቹ አንዱን ስልክ ከሌላው የሚያስቀድሙ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት አንቴና አለው?» ሳይሆን «ኤስኪውኤም ወይም ኬክ አለው ወይ? ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባለውን ሶፍትዌር ይቀበላል ወይ?» መሆን ይኖርበታል። በካፌና በሆቴል የሚዘወተረው ማይክሮቲክ ከሶፍትዌሩ 7ኛ ትውልድ ጀምሮ ይህን ሥራ ይሠራል። ማስተካከሉ ግን ባለሙያ ይፈልጋል፤ ዋይ ፋዩም እንደ ሞዴሉ ይለያያል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

«ኤኤክስ 3000» ማለት አንድ ስልክ 3,000 ሜጋ ቢት ያገኛል ማለት አይደለም። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ 574፣ በ5 ጊጋ ኸርዝ 2,402፣ ተደምሮና ተጠጋግቶ 3,000 የተባለ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚጠቀም ስልክ በተለምዶ የለም፤ ትልቁ ቁጥር የሚገኝበትን ሰፊ ቻናል የሚችል ስልክም ጥቂት ነው። «ኤኤክስ 1800» የሚባለው 574 እና 1,201 ነው። የቤቱ መስመር 10 ወይም 25 ሜጋ ቢት በሆነበት ሁለቱም ከሚፈለገው እጅግ የበለጡ ናቸው፤ በዋጋ ግን ይለያያሉ። በዚህ ሚዛን ሲታይ ለአብዛኛው የጉለሌ ቤት ዋይ ፋይ 6 የሆነ «ኤኤክስ 1800» ወይም እንዲያውም ደኅና ዋይ ፋይ 5 ይበቃል። ዋይ ፋይ 6 ብልጫ የሚያሳየው ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲገናኝ ስለሆነ ተከራይ የበዛበት ግቢ ቢመርጠው ምክንያት አለው። መስመሩ ወደፊት ከ100 ሜጋ ቢት በላይ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው የኬብል መሰኪያዎቹ ጊጋ ቢት መሆናቸውን ያረጋግጥ፤ በርካሾቹ ላይ በ100 የሚቆሙ አሉ።

ፋይበር ላለው ቤት ቴሌኮሙ የሚያስገባው ዕቃ አይነቀልም፤ የራስ ራውተር ከሱ ቀጥሎ ነው የሚሰካው። የቴሌኮሙ ዕቃ ዋይ ፋይ ቢጠፋ የቻናል ሽሚያ ይቀንሳል። ፋይበር ያልደረሰለት ሰው ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር ይጠቀማል። በዚህ ላይ የእንጦጦ ተዳፋት የራሱን ሚና ይጫወታል። ቤቱ ከገደል ሥር ወይም ከኮረብታ ጀርባ ከሆነ የአንቴና ማማው አይታየውም፤ ሁለት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ጎረቤት ግን ጥሩ ያገኛል። በመስኮት በመስኮቱ እያዞሩ መሞከር ግድ ነው። የሞባይል መስመር ፒንግ ከፋይበር ይልቅ የሚዋዥቅ በመሆኑ ለውድድር ጨዋታ ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ይቆያል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ባለ ሲም ራውተር ደግሞ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም ለ4ጂ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱ የሆነውን 1800 ሜጋ ኸርዝ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ለሚያስመጡ ነጋዴዎችም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ ዕቃዎችን ዓይነት የሚያረጋግጥ አካል መሆኑን ከጭነት በፊት ማስታወስ ይገባል።

ፕሌይስቴሽን ቤት ለመክፈት ሒሳብ ለሚያሰላ ኢንቨስተር አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ዕቃ ኳስ ሲጫወቱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። የቤቱ ገቢ በአብዛኛው ከዚህ ከሆነ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ጨዋታውን ለማደስ ነው፤ እሱም ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ለደንበኛ ስልክ ዋይ ፋይ መልቀቅ ከተፈለገ በእንግዳ መስመር ለይቶ በፍጥነት መገደብ እንጂ ለሱ ሲባል ትልቅ ራውተር መግዛት አያስፈልግም። ገንዘቡ ሌላ ጆይስቲክ ይገዛል።

መብራትና መብረቅ

መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱ የሚሄደው ብዙ ጊዜ የቤቱ ዕቃ ስለሚጠፋ ነው። በፋይበር መስመር ላይ ከቤት እስከ ቴሌኮሙ ጣቢያ መካከል በደንበኛው መብራት የሚሠራ ዕቃ የለም። ስለዚህ በገበያ «ሚኒ ዩፒኤስ» የሚባለው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ሁለት ዕቃ ማሠራት አለበት፤ የቴሌኮሙን ዕቃና ራውተሩን። ለራውተሩ ብቻ ገዝቶ የተናደደ ሰው ጥቂት አይደለም።

ካርቶኑ ላይ «8,800 ሚሊ አምፒር» ሲል የሚያወራው በ3.7 ቮልት ስለሆነ የሚይዘው 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በመለዋወጥ የሚባክነው ሲቀነስ 27 ያህል ይቀራል። ሁለቱ ዕቃዎች ተደምረው 15 ዋት ቢወስዱ አንድ ሰዓት ከ48 ደቂቃ ያህል ያቆያል። የምሽት መቆራረጥ ከዚህ በላይ በሚረዝምበት ሠፈር እጥፉን መግዛት ነው። ከመግዛት በፊትም የሁለቱ ዕቃዎች ቮልት መታየት አለበት፤ አንዱ 12፣ ሌላው 9 ከሆነ ባትሪው ሁለቱንም መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ዕቃው ይቃጠላል።

እንጦጦ ሥር ያለ ሰው ክረምቱን ያውቀዋል። ነጎድጓዱ ሲጀምር በመዳብ የስልክ መስመር በኩል የሚገባው ኃይል ሞደም ያቃጥላል፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከዚህ ነፃ ነው። በግቢ በኩል ወደ ሰርቪስ ቤት የተዘረጋ ገመድ ግን መዳብ ነው፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ አደጋው ይብሳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅም እንዲሁ ነው። ራውተሩን ከነቻርጀሩ ነቅሎ መብራቱ ከተረጋጋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ መሰካት፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ነጎድጓዱ ከመጀመሩ በፊት የግቢውን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ መንቀል ጥሩ ጥንቃቄ ነው።